ከአጥር ውጭ የቀረችው

ኮኪት፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአገኘሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግሬ እያበጠ ከማስቸገሩ በቀር እኔ ደህና ነኝ። የሱዳኑ ጦርነት አንቺ ያለሽበት ገዳሪፍ ደረሰ፣ አልደረሰም እያሉ በየቀኑ ያወራሉ፤ የቱን እንደማምን ቸገረኝ። ይህን ደብዳቤ ቡና ይዛ ድንበር የምትሻገረው ኩብራ ታደርስልሻለች። ስልክ እንዳልደውል፣ ድምፅሽን ከሰማሁ የምለውን እንደማልጨርስ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የመጣ እንዳለው የሚባል ሰው የሃያ ቀን ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ሕፃኑ በወባ ይነዳል፤ ጡት መያዝ ትቷል። ሚስቱ ጥሩአየሁ ገና አራስ ስለሆነች ወደ ቅጽሩ አልገባችም፤ በሩ ላይ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ወደ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት ሊወስዱት ባጃጅ ይዘዋል፤ ግን ሳይሄዱ እንዳጠምቅላቸው ለመኑኝ። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለ አርባ ቀን አይጠበቅም። ውሃ ባርኬ አጠመቅሁት፤ ሜሮን ቀባሁት። ዘበኛው ደረበ የክርስትና አባት ሆነው።

ሕፃኑ ገንዳ ውሃ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ይዘውት ተመለሱ። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ቀበርነው፤ ፍትሐቱን እኔው አደረስሁ። ስንጨርስ ጥሩአየሁ በሩ ላይ ጠብቃ እጄን ሳመችኝ።

«አባ፣ ልጄን ሜዳ ላይ አልጣሉብኝም። እግዚአብሔር የእርስዎንም ልጆች ይጠብቅልዎ» አለችኝ።

እጄን ስቤ ወደ ቅጽሩ ተመለስሁ።

ልጄ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት አንቺም ስድሳ ቀን የሆናትን ልጅሽን ታቅፈሽ እዚያው በር ላይ ቆመሽ ነበር። እናትሽ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረሽም። «አባየ፣ ትንፋሿ እያጠረ ነው፤ አሁኑኑ አጥምቁልኝ» አልሽኝ። ሰማንያ ቀን ካልሞላት አይሆንም ብዬ መለስሁሽ። በማግስቱ ስትሞት ደግሞ ያልተጠመቀች ናት ብዬ ከአጥር ውጭ፣ ከሰሊጡ ማሳ ዳር አስቀበርኋት።

ሥርዓቱን ያኔም አውቀው ነበር። አፍሬ ነው። አባቷ ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል፣ የቄሱ ልጅ ዲቃላ ወለደች ይሉኛል ብዬ ነው። ጌታ ሕፃናትን አቅፎ የባረከበትን፣ እንዳይቀርቡ የከለከሏቸውንም የተቆጣበትን ምንባብ ስንት ዘመን ለሕዝብ ተረጐምሁ። ሕፃን በእግዚአብሔር ፊት ከማንም አያንስም እያልሁ አስተማርሁ። የገዛ ልጄን ልጅ ግን እኔው ከለከልኋት።

የጥሩአየሁን ልጅ በቀበርን በነጋታው የልጅሽን አፅም ወደ ውስጥ ላስገባ ወደ ማሳው ወረድሁ። ቦታው በትራክተር ታርሶ ሰሊጥ ተዘርቶበታል፤ ለምልክት ያኖርሻቸው ድንጋዮች የሉም። በቆመው ነዶ መካከል እስከ ቀትር ስዞር ዋልሁ። አላገኘኋትም፣ ልጄ። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናግሬ ከቅዳሴ ታግጃለሁ፤ ይገባኛል።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ነይም አልልሽም፤ መንገዱ ክፉ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በጸሎት ላስባት እቆምና ምን ብዬ እንደምጠራት አጣለሁ። ስም አውጥተሽላት ነበር፤ እኔ አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም። ጽፈሽ ለኩብራ ስጫት።

እኔ ልመርቅሽ አፍ የለኝም። እመቤታችን ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ ከጥይትም ከክፉ ሰውም ትሰውርሽ።

አባትሽ፣ የልጅሽም አያት፣
ባየልኝ