ከመጋረጃው በፊት ንገሪያት

ባሕር ዳር፣ መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመድረክ እህቴ ለእናትዓለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዘንድሮ ክረምቱ አዲስ አበባ ላይ ጨክኖ ነበር ሲሉ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት መድረክ ላይ ወድቀሽ የተጎዳሽውን ጉልበትሽን ነው። ለሸምሲያ አንድ ቅባት ሰጥቻታለሁ። ይሸታል እንጂ ይሠራል፤ አፍንጫሽን ይዘሽ ተቀቢው።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ደሞዝ የለም። ልጄ ሐምሌ ላይ ሰሜን ግንባር ሞቷል። መርዶ በወረቀት መጻፍ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት ያልሰጠሁትም ለዚሁ ነው። ጎረቤቴ ሸምሲያ ጨርቅ ልታመጣ መርካቶ ስለምትሄድ በእጇ ታደርስልሻለች። አንብበሽ እስክትጨርሺ ካጠገብሽ እንዳትነሣ አደራ ብያታለሁ። እሷም ለቅሶ ለምዳለች፤ አትፈሪያት።

የምጽፍልሽ ስላለችው ልጄ ነው። አገርነሽ ወንድሟ መሞቱን አታውቅም። ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ እኔና አንቺ ወጣትነታችንን በጨረስንበት መድረክ የመጀመሪያ ትልቅ ቦታዋን ይዛ ትወጣለች። የቲያትር ቤት ሰዎችን አውቃቸዋለሁ፤ «ትርዒቱ ይለፍና ይነገራት» ይሉሻል። እሺ እንዳትያቸው። ከመጋረጃው በፊት ንገሪያት። ይህን የምልበትን ምክንያት ልንገርሽ፤ ብዙ ብቀባጥር ታገሺኝ፣ ከሰው ጋር ካወራሁ ቆይቻለሁ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ባዶ ቤት መቀመጥ ሰለቸኝና የከተማውን የኪነት ቡድን ማለማመድ ይዤ ነበር። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ያዘጋጀነው ተውኔት የጓድ ሣህሉ ድርሰት ነው። ካድሬነቱን መንግሥት ሾመው፣ ደራሲነቱን ራሱ። ታሪኩ የአንዲት እናት ነው። ሽማግሌዎች ማለዳ የልጇን መርዶ ይዘው ይመጣሉ፤ ተቀመጪ ሲሏት «ቆሜ እሰማለሁ፤ ልጄም ቆሞ ነው የወደቀ» ትላለች። ቆሞ መውደቅ እንዴት ያለ ነው ብዬ ብጠይቀው «ስሜት ነው ጓድ ፀሐይወርቅ» አለኝ። እናቲቱን እኔ እንድሆን የቡድኑ ሰው ሁሉ ለመነኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ያዝሁት። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት የምትለምነው ቦታ እንጂ የምትለመነው ቦታ መቼ ይመጣል?

ሽማግሌውን የሚጫወቱት ጋሼ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። የሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው፤ በእውነቱም መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ ማለዳ መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ ልቡ ይርዳል። ለቦታው የመረጥኋቸው እኔ ነኝ። ሰፈሩን ሲያስለቅሱ የኖሩ ሰውዬ መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ድርቅ ይሉብኛል፤ መርዶውን እንደ ማስታወቂያ ነበር የሚያነቡት። የቀበሌው አዳራሽ በስብሰባ ስለሚያዝ እሑድ እሑድ ማለዳ የምንለማመደው በእኔ ግቢ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በአንዱ እሑድ፣ ጎሕ እንደ ቀደደ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ መርስዔ ኀዘን ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው የብርጓል አለች፤ እሷም በተውኔቱ ጎረቤቴን ሆና የምትጫወት ናት። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሸምሲያ። ሸምሲያ ከቡድኑ አይደለችም፤ ልምምድ ልታይ መጣች ብዬ ደስ አለኝ። ፊቴን እንኳ አልታጠብሁም ነበር። «ዛሬስ ማልዳችኋል» አልሁና ቦታዬን ያዝሁ።

«ፀሐይወርቅ፣ እስቲ ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ። ልጄም ቆሞ ነው የወደቀ» አልኋቸው፣ እጄን እንዳለማመድሁት ወገቤ ላይ አድርጌ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። የብርጓል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ጋሼ መርስዔ ኀዘን የሚቀጥለውን ቃል ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ እንባቸውም ወረደ። ስንት እሑድ የለፋሁበት ነገር መጣ ብዬ ልነግርሽ የማልችለው ደስታ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ገና ገባዎት» አልኋቸው። «ብቻ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይሰማዎትም።»

ሸምሲያ ናት ከኋላ የተናገረችው። «ኧረ በአላህ ንገሯት፤ ልምምድ መስሏታል እኮ» አለች።

ያን ጊዜ ተቀመጥሁ።

ወሬውን ያመጣው ከደሞዝ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ የይፋግ ሰው ነው፤ ቆስሎ ሲመለስ ወደ እኔ መምጣት ፈርቶ ለእድሩ ተናግሮ ሄደ። አስከሬን ስለሌለ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውንና የትምህርት ቤት ሹራቡን አወጡልኝ። ሹራቡን ሳየው ጮኽሁ፤ ደረቴንም መታሁ። ከሐሙሲት ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «የቲያትር ሰው ናት እኮ፤ እንዴት አሳምራ ታለቅሳለች» ስትል ሰማኋት። ክፋት የላትም፣ አድንቃኝ ነው። እኔም ራሴን አዳመጥሁ። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር። ያ ጩኸት አንቺ የምታውቂው፣ ትንፋሹን ከሆድ አንሥቼ መጨረሻው ላይ የማጥፈው ጩኸቴ ነው፤ ሕዝቡ ቲኬት ገዝቶ ይሰማው የነበረው። የራሴን ልጅ የማለቅስበት ሌላ ድምፅ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀስሁም፤ ሰውም ጠንካራ ናት ይለኛል።

ስለ ተውኔቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። እናቲቱ በመጨረሻ «አንዱ ቢወድቅ ሌላ አለኝ፤ እሱንም ውሰዱት» ትላለች። ጓድ ሣህሉ ለቅሶ ሊደርሰኝ ሲመጣ፣ ያን ቃል አውጣልኝና እጫወታለሁ አልሁት። ሌላ ያለችኝ አገርነሽ ናት፤ በጨዋታም ቢሆን በአፌ አሳልፌ አልሰጣትም።

«ጽሑፉ በበላይ አካል የጸደቀ ነው» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «አንዲት ፊደል ብነካ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

አልተቆጣሁትም። የእሱም ታናሽ ወንድም እዚያው ግንባር ነው። የቡድኑ ሴቶች ግን ቦታውን አንይዝም አሉ፤ የብርጓል ታማለች ተባለ፣ ሌላዋ ዳንግላ ዘመድ ሞተብኝ ብላ ጠፋች። በመጨረሻ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ፂሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮና ቀሚስ ለብሶ እናት ሆኖ ወጣ። እኔ ሐዘን ላይ ስለሆንሁ ከቤት አልወጣሁም። ሸምሲያ አይታ መጥታ ነገረችኝ። ሰውየው ድምፁን አቅጥኖ «ሌላ አለኝ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ጓድ ሣህሉም መጋረጃውን ራሱ ሮጦ ዘጋው። ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

እኔና አንቺ ስንቀጠር የሴት ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች አልነበሩ? ያችን ሻሽ ከራሳቸው ላይ ፈትተን ለመውሰድ አንቺ ከአባትሽ ቤት ተባረርሽ። እኔን ደግሞ የይፋግ ዘመዶቼ አዝማሪ ሆነች ብለው ለአባቴ ተዝካር እንኳ ሳይጠሩኝ ቀሩ። አከራያችን «ማታ የምትገቡ ሴቶች» ብላ ዕቃችንን ደጅ ያወጣችው፣ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስታለቅስልን ያገኘናትስ? ቀን ሲሰድበን የዋለ ሁሉ ማታ ያጨበጭብልን ነበር። ያ ዘመን ደግ ነበር አልልም፤ ግን ያ ሻሽ የእኛ ሆኖ ነበር።

እኔ አምባቸውን አግብቼ መድረኩን ስተው አንቺ ቀጠልሽ፣ ፊልምም ሠራሽ። ፊልምሽ እዚህ ሲመጣ ደሞዝን አዝዬ ገባሁ። ስትሞቺ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ብትንሰቀሰቅ፣ «አይዞሽ፣ አልሞተችም፣ ጓደኛዬ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጽፋልኛለች» አልኋት። አላመነችኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። እናትሽ ያረፉ ዕለት ምን እንደተደረገብሽ እንዳልረሳሁት እወቂ። የነጋዴውን ሚስት ሆነሽ የምታስቂበት ቀልድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ከቀትር ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ለማንኛችንም ሳይተነፍስ፣ ቲኬት ተሸጧል ብሎ ዋጠው። አንቺ እንደዚያ ቀን አስቀሽም ስቀሽም አታውቂ። መጋረጃው ሲዘጋ ነገረሽ፤ እኛም አብረንሽ ሰማን። ገና የሚያጨበጭቡ ነበሩ። «እናቴ ሞታ ሕዝብ ፊት አሳቁኝ» ያልሽው ይህን ስጽፍ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ የሚያስቅ ቦታ ሲሰጡሽ አልቀበል አልሽ፤ የአሳዛኝ ተውኔት ተዋናይት ሆነሽ ቀረሽ። ጋዜጦች ተፈጥሮ የሰጠቻት ችሎታ ነው ብለው ጻፉ። እኔ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ አነበብሁ።

በልጄ ይህ አይደረግባትም። ጭብጨባ ስትሰማ ወንድሟ ሞቶ ማጨብጨባቸውን በኋላ እንድታስበው አልፈልግም። መውጣት ከፈለገች እያወቀች ትውጣ፤ ልተወው ካለች ትተወው፣ ቦታውን ሌላ ሴት ትይዘዋለች። ሥራ አስኪያጁ ቢቆጣ አንቺን ነው የሚያገኘው፤ አንቺን ደግሞ አሁንም ይፈራሻል።

ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታውቃቸውን ሁለት ሰዎች አስከትይ። ልምምድ አዳራሽ ውስጥ እንዳታነሺባት፤ ማለዳ ከቤቷ ድረሱባት። ስትነግሪያት ቃል አታሳምሪላት። ድምፅሽ ሳታስቢው ይሄድብሻል፣ አውቅሻለሁ፤ ያዥው። «ደሞዝ ሞቷል» በያትና እቀፊያት፣ ሌላ አትጨምሪ። ቆሜ ልስማ ብትልሽ አትስሚያት።

እናቴስ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ደህና ናት፣ ሰው አልተለያትም በያት። ሐሰት አይደለም፤ ሸምሲያ ሱቋን ሳትከፍት በፊት በየቀኑ ብቅ ትላለች፣ ጋሼ መርስዔ ኀዘንም ከቅዳሴ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። እሳቸው እስካሁን ፊቴን ቀና ብለው አያዩኝም፤ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ይሁኑ እኔ፣ ሁለታችንም አላወቅነውም። ልምጣ ወይስ ልቆይ ብላ ከጠየቀችሽ፣ እናትሽ ምርጫው የራስሽ ነው ብላለች በያት።

ላንቺ ግን የቀረውን እነግርሻለሁ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ወይ መድረክ ላይ አይቶኛል ወይ ሰምቶብኛል፤ ፊቴ ትንሽ ከተለወጠ እንደ ተመልካች ያየኛል። አምባቸው ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም የወደደኝ መድረክ ላይ ስሞት አይቶ ነው። ልጆቹ ሲወለዱ ግን ትቼው ነበር፤ ቡድኑን ስይዝም ሁለቱም ሄደዋል። ስጫወት አይተውኝ የማያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩኝ፤ አሁን አገርነሽ ብቻ ቀረች። እሷ ፊት ባለቅስ ለቅሶ ብቻ ይሆን ነበር። ይህን እንዳትነግሪያት። ከነገርሻት ሁሉን ጥላ ትመጣለች።

አምላክ ያቺን ጉልበትሽን ይጠግናት፤ መድረኩ ቢረሳሽም ሰው አይርሳሽ። ልጄን ለአንቺ ሰጥቻለሁ።

እህትሽ
ፀሐይወርቅ