የጋሼ ተፈራ ቁልፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቢሮ መቀመጥ አቃተኝ። ስነሳ ስቀመጥ ይኸው ከቀኑ ስድስት ሰዓት አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ሹፌሮቹ ሁሉ ሽንት ተመረመሩ። ጋሼ ተፈራ ጫት ተገኘባቸው።

"ትናንት ከሰዓት ቅሜያለሁ፣ አልዋሽሽም። ሌሊቱን ግን እንቅልፌን ጠግቤ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

ድርጅቱ የቃመ አይነዳም ብሏል፤ ስምሪት የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። የሽንኩርቱን መኪና ቁልፍ ተቀብያቸው ለሌላው ሹፌር ለሙሉጌታ ሰጠሁት። የእሱ ውጤት ንጹሕ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማሳ ላይ ሲያስጭን አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል።

ጋሼ ተፈራ በሩ ላይ ዞር ብለው "ልጄ፣ እንቅልፍስ በምን ይመረመራል?" አሉኝ።

ሙሉጌታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የወጣው። የጣርማ በርን ገደል ሲያልፍ እንዲደውል ነግሬው ነበር። እስካሁን ማለፍ ነበረበት።

ስልኩ ይጠራል። አያነሳም።