ንቦቹ የያዙት ክፍል

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የሳይንስ ማሳያ ክፍሌን ሊወስዱብኝ ነው! ዳይሬክተራችን ኦቦ ድሪባ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ «መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ጭራሮ ምን ያደርጋል? የተሰበሩት ዴስኮች ውጭ ዝናብ እየመታቸው ነው» አሉኝ።

ጭራሮ! ልጆቹ የወፍ ጎጆ አይተው የጎነጎኑት ቅርጫት፣ ከኩይሳ ተምረው የሠሩት አየር የሚያስወጣ የጭቃ ቤት፣ ሁሉም ጭራሮ ሆነ። ሳይንስን በእጃቸው የሚነኩት እዚህ ብቻ ነው።

ተናደድኩ፤ አፌም አላረፈም። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ጫልቱ ካርቶን ቆራርጣ፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አድርጋ የሠራችውን ሰሌዳ አሳየኋቸው። «ይሄ እርስዎን ይሸከማል» አልኩ። ኦቦ ድሪባ ደግሞ ቀላል ሰው አይደሉም።

ሳቁ። «ዓርብ የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እወጣበታለሁ። ከተሸከመኝ ክፍሉ ያንቺ፣ ካልተሸከመኝ የዴስኮቹ።»

ምን ነካኝ?

ማክሰኞ

ሰሌዳው ላይ ጡብ ደረደርን። ጎበጠ። ጫልቱ አባቷ ንብ አናቢ ነው፤ «ቲቸር፣ ንቦች ቀዳዳውን እንዲህ አያሰፉትም» አለች። አጥብበን እንደገና ሠራን። ሙጫ ስላለቀ ዱቄት በጠበጥን። እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ረቡዕ

ወጣሁበት። ያዘ! እኔ ግን የኦቦ ድሪባ ግማሽ ነኝ።

ጫልቱ ለማሳያ ብላ ከቤት ባዶ ቀፎ አመጣች። ከካርቶኑ አጠገብ አስቀመጥነው፤ አምሮበታል። ክፍሉ ወይራ ወይራ ይሸታል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

ኧረ ጉድ! በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ፣ የንብ መንጋ በክፍሌ የተሰበረ መስኮት ገብቶ ቀፎው ውስጥ ሰፍሯል!

«ጫልቱ፣ ቀፎውን ምን አደረግሽው?»

«ምንም። አባባ ንብ ሲጠራ እንደሚያደርገው በወይራ አጠንኩት፣ ሰም ቀባሁት።»

«ለማሳያ ነው አላልሽኝም?»

«ያልታጠነ ቀፎ ይዤ መምጣት አሳፈረኝ፣ ቲቸር።»

ካርቶኑ ከንቦቹ ጋር ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ሌላ እንዳንሠራ ቀኑ አይበቃንም። ንቦቹን ሊያወጣልን የሚችለው አባቷ ጌዶ ገበያ ሄዷል፤ የሚመለሰው ነገ ማታ ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ዓርብ



ሱፐርቫይዘሩ ሲደርስ መሸነፌን ልናገር ነበር። ኦቦ ድሪባ በመስኮቱ አጮልቀው፣ «ራሳቸው ናቸው የገቡት?» አሉ። አዎ ስላቸው ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። «ማንም እንዳይነካቸው! እኔም ንብ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት።» ኮታቸውን አወለቁ፣ የሚጨስ ኩበት አስመጡና ገቡ። ሲወጡ ካርቶኑ ብብታቸው ሥር ነው፣ አንድ ዓይናቸው ማበጥ ጀምሯል።

ካርቶኑን ባያወጡልኝ እኮ ያሸንፉኝ ነበር!

በሁለት ጡብ ላይ አጋደሙትና በአንድ እግራቸው ረገጡት። ሲጥ አለ። ሁለተኛውንም እግራቸውን አነሡ። ያዘ! ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ። ሱፐርቫይዘሩ ለምን እንዳልተሰበረ ሲጠይቅ፣ ጫልቱ በኦሮምኛ ለቀቀችው፦ የቀዳዳዎቹ ግድግዳዎች ክብደቱን ይካፈሉታል፣ አንዱ ብቻውን አይሸከምም።

ቅዳሜ

የጫልቱ አባት ትናንት ሲመሽ መጥቶ ቀፎውን አጥሩ ጋ ያለው ዛፍ ላይ ሰቀለው። ዛሬ ኦቦ ድሪባ በአንድ ዓይናቸው እያዩ ቁልፉን ሰጡኝ። «ማሩ ሲደርስ እንዳትረሺኝ፣ እሺ?»

ክፍሉን ስከፍት መሀል ላይ እግሩ የተሰበረ አንድ ዴስክ ቆሟል። ካዱኝ ብዬ ደነገጥኩ። ጠጋ ስል በእሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ይሄንንስ ካርቶን ያቆመዋል?»

እንጃ። ሰኞ ጫልቱን እጠይቃታለሁ።