የእማዬ የጥጥ ደጋን

ሜሮን፣
የጨንቻው መኪና ሞልቶ ሊነሳ ነው፤ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የእማዬን ደጋን እንዳትነኪው። የሰነጠቅሽው ቦታ ላይ ጅማት ቀጥቅጬ፣ ሙጫ ውስጥ ነክሬ ለጥፌበታለሁ። ገና እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይ ካወጣሽው ይላቀቃል። ለለቅሶዋ ከታረደው በሬ ያስቀረሁት ጅማት ስለሆነ ሌላ አናገኝም።
በሩንም ዝጊ፤ ድመቷ ጅማቱን ትበላዋለች።
ዓሣው ድስት ውስጥ አለልሽ።

ያን ቀን "እማዬ ጥጥ እየነደፈች ነው፣ ይሰማኛል" ብለሽ ስታለቅሺ "አበድሽ እንዴ?" አልኩሽ። ድምፁ እንዲቀርልሽ ደጋኑን መሬት ላይ ስትፈጠፍጪው ደግሞ ያልኩሽን...
እሱን ስመለስ እናወራዋለን።

ዛሬ ጠዋት ደጅ ሆኜ የሙጫውን ጣሳ ሳጥብ፣ ከቤት ውስጥ ጥጥ እንደሚነደፍ ድው፣ ድው ሲል ሰማሁ። አንቺ የተመለስሽ መስሎኝ ገባሁ። ማንም የለም። ሜሮንዬ፣ ደጋኑ እኮ ገና አውታር አልታሰረበትም!

አንቺም ከሰማሽ አትፍሪ። ነድፋ ሳትጨርሰው የሞተችው ጥጥ ጨንቻ ባለው ቤቷ፣ ጆንያ ውስጥ ቀርቷል።
እሱን ላመጣላት ነው የሄድኩት።

እህትሽ ሻሺቱ