ታች ሰፈርን ለለቅሶ የጠሩት የአቶ ሙላው ብርሃኑ የሕይወት ታሪክ

አጎቴ አቶ ሙላው ብርሃኑ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃኑ ይርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበበች አያሌው በ1947 ዓ.ም ከጎብዬ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። እናታቸው ይናገሩት እንደነበረው፣ ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ማዶ የሚያርሰውን ጎረቤት ከነበሬው አስቁሞታል። እናት ያጋንናል፤ ድምፃቸውን የሚያውቅ የቆቦ ሰው ግን ነገሩን አይጠራጠርም።

ቆቦ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ወደ እርሻ ተመለሱ። በ1973 ዓ.ም ከወ/ሮ ወሰንየለሽ አስፋው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሕይወትን፣ ዘላለምን እና ፍሬሰላምን አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም ቆቦ ገብተው ላይ ሰፈር ቤት ከሠሩ በኋላ የእድራችን ለፋፊ ሆነው ተመረጡ። እድሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። የሙስሊም ቀብር ስለማይቆይ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ጥሩንባቸውን አንሥተው የወጡበት ቀን ብዙ ነው። የክትባት ቀን፣ የቧንቧ ውኃ ተራ፣ የጠፋች ግመል፣ ይህ ሁሉ በድምፅ ማጉያ በእሳቸው አፍ ይነገር ነበር። ጥሩንባው ግን ለሞት ብቻ ነው። ከሟች ቤት ደርሰው ሳያረጋግጡ የማንንም ሞት ለፍፈው አያውቁም፤ በዚህም በጣም ይኮሩ ነበር።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ጎርፍ ይለፍፋሉ። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲሰማ «ሽሹ» ማለታቸው ይመስለዋል። በእኛ ቆላ ግን ከደጋ የሚወርድ ጎርፍ ሲሳይ ነው፤ ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባዋል። ስለዚህ «ጎርፍ ወረደ!» ሲባል ወንዱ ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ወንዙ ነው።

በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደጋ ያሉት የባለቤታቸው ወንድም ስልክ ደወሉ። «ይኸኛው የሚጠለፍ አይደለም፤ እዚህ ቤት ይዞ ነው የወረደ» አሉ። አቶ ሙላው ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ወዳለው ታች ሰፈር ወረዱና ጎርፉ ከባድ ነው፣ ከወንዙ ራቁ እያሉ ለፈፉ። ሕዝቡ የሰማው «ጎርፍ» የሚለውን ብቻ ነበር። ወንዱ አካፋውን አንሥቶ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ዘላለም ልጃቸውም አብሮ ነበር። ሴቶቹም ከቤታቸው አልተነቃነቁም። ወ/ሮ ሀጀራ ልብስ እያሰጡ «ጋሽ ሙላው፣ ጎርፍ መጣ ብሎ የሚሸሽ የራያ ሰው የት አይተው ያውቃሉ?» ብለው ሳቁባቸው።

አቶ ሙላው ጨነቃቸው። ልጃቸው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፍና ድንጋይ ይደረድራል፤ ውኃው ደግሞ እየመጣ ነው። ባለ ባጃጁን ጀሚልን ወደ ቤታቸው ላኩና ከትከሻቸው የማይለየውን ጥሩንባቸውን አነሡ። ወሎ ውስጥ ከጎርፍ የማይሸሽ ሰው አለ፤ ለቅሶ የሚቀር ሰው ግን የለም። በሰው ቤት ላይ ሟርት መጥራት አልሆነላቸውም። «ወይዘሮ ወሰንየለሽ አስፋው አርፈዋል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ላይ ሰፈር፣ ከቤታቸው!»

ጀሚል በረረና ወ/ሮ ወሰንየለሽን ከደጃፋቸው አገኛቸው። «እትዬ፣ ሞተዋል ተብሎ እየተለፈፈ ነው፤ ቤት ገብተው ይዝጉ» ቢላቸው «ማነው የገደለኝ?» አሉት። «ጋሽ ሙላው» አለ። የጎርፉን ነገር እየነገራቸው ሳለ ጥሩንባው ተሰማ፤ ገብተው ዘጉ።

ሕዝቡ አካፋውን እየጣለ፣ ልጁን እያዘለ፣ ደረቱን እየመታ ዳገቱን ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ዘላለም ነበር። በጓሮ በር ገብቶ እናቱን በሕይወት ቁጭ ብለው ሲያገኛቸው ሊጮህ አፉን ከፈተ። እናቱ በነጠላቸው አፉን አፈኑት። ውጭ ያለው ሰው መኖራቸውን ቢሰማ አካፋውን ፍለጋ ተመልሶ ይወርድ ነበር። እናትና ልጅ በጨለማው ጓዳ ተቃቅፈው፣ ደጅ የሚለቀስላቸውን ለቅሶ እየሰሙ ቆዩ። ከዚያ ጎርፉ ደረሰ፤ ምድሪቱ ተናወጠች። ታች ሰፈር ከነወንዙ ዳር ማሽላ ተጠረገ። ቤትና ከብት ሄደ፤ ሰው አልሄደም።

ወ/ሮ ወሰንየለሽ ግን እስከ መስቀል ድረስ ባላቸውን አላነጋገሩም። ከእድሩም አንዳንዶች በሐሰት ለፍፏልና ጥሩንባውን ይነጠቅ አሉ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሙሀመድሰይድ ስብሰባ ጠርተው «ይነጠቅ የምትል እጅህን አውጣ፤ ያን ቀን ታች ሰፈር የነበርህ ግን እንዳታወጣ» አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። አቶ ሙላው ራሳቸው ግን ንስሐ ገብተውበታል።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም ወልድያና ደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም ማለዳ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን እና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ያን ዕለት ረፋድ፣ በእግራቸው የተተካው ታሂር ሞታቸውን ለፈፈ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም፤ ወንዙም ደረቅ አሸዋ ነው። ከጎርፉ በኋላ ዳግም የተሠራው ታች ሰፈር ግን ፍየሉን ፈትቶ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ፤ ወ/ሮ ሀጀራም ከፊት ነበሩ። ከደጃፉ ሲደርሱ ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም ዞሮ ወንዙን ያያል። ወ/ሮ ወሰንየለሽ ጥቁር ለብሰው ወጡና «የተሸከማችሁትን አውርዱ፤ ዛሬስ እውነቱን ነው» አሏቸው። ለቅሶው የተነሣው ያኔ ነው።

የነፍስ ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር አጎቴን ከጻድቃኑ ጋር ከፍ ባለው ስፍራ ያሳርፍልን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አላህ ይዘንላቸው» ብለዋል፤ እኛም አሜን ብለናል።