የአባባ አንጎል ምስል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ታክ-ሁን፣ ሃኖይ፤

እዚህ ኮሪያ የዴጉ ከተማ ሙቀት ገና አልለቀቀንም። አንተስ እንዴት ነህ? ሥራው፣ ልጆቹ፣ ጤናህ ደኅና ነው?

ለአባባ ሰባኛ ልደት የሰጠኸውን ሙሉ ምርመራ ማክሰኞ አደረግን። ለአንጎሉም ኤምአርአይ ተነሣ። ሐኪሟ «ዕጢ የለም፤ የተዘጋ የደም ሥርም የለም» አለች። አባባ ምስሉን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎ፣ እንዴት አደርክ ባልኩት ቁጥር «አየሽ? ንጹሕ ነው። በቃ፣ ተዪኝ!» ይለኛል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ቦንግ አይታው «የእኔንም ባል አስነሺልኝ፤ አንጎል እንዳለው ልወቅ» አለች። እኔ ሳቅሁ፤ አባባ አልሳቀም።

ሐኪሟ ግን ለብቻዬ ጠርታ «ድብርትን ከዚህ ምስል ማንበብ አንችልም። የምናውቀው ጠይቀን ባለቤቱ ሲነግረን ነው» ብላኛለች። ስለ ስሜቱ የሚጠይቀውን ወረቀት አባባ መነጽሩን እንኳ ሳያወጣ ሁሉንም «የለም» ብሎ ሞልቶት ነበር።

እማማ ካረፈች ወዲህ የሚውለው በረንዳው ላይ ነው። እኔም የስፌት መኪናዬን ወደዚያ አዛውሬያለሁ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ከትናንት በስቲያ ሾርባው አረረብኝ፤ ሽታው እየመጣ እንኳ አባባን ብቻውን ትቼ መግባት አልፈለግሁም።

ትናንት የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ «ለታክ-ሁን ላኪለት፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለኝ። አልላክሁትም። መጥተህ ከእጁ ተቀበለው፤ የቹሶክን የመኸር በዓል አትጠብቅ።

ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ።

እህትህ ሚ-ጆንግ