እጮኛሽ ያመሰገነው ብስኩት

እሜቴ፣

ሰማያዊውን የብስኩት ቆርቆሮ አትፈልጊው፤ እኔና ቡቺ ይዘነው ወጥተናል። የሰፈሩን ውሾች በዓል ልናስውል ነው።

አዎ፣ ውሾች።

ትናንት እጮኛሽ አምስቱን ዋጥ ዋጥ አድርጎ «ስኳር ያልበዛበት፣ እንዴት ደስ ይላል! እጅሽ ይባረክ!» ሲልሽ «አሜን» ያልሽበት ብስኩት እኔ ለቡቺ የጋገርኩለት ነው። ጉበት፣ ዱባ፣ እንቁላልና ዱቄት ብቻ ነው ያለበት፤ አይጎዳውም፣ አይዞሽ። እንዲያውም የቡቺ ፀጉር በሱ ነው ያማረው! «ቅርጹ ቢራቢሮ ነው?» ሲልሽ ደግሞ «አዎ» አልሽው። አጥንት ነው እኮ! እኔ ከበሩ ጀርባ ሻርፔን ነክሼ በሳቅ ልሞት ነበር።

ያኔውኑ መናገር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ሳቁ መቼ አስተነፈሰኝ? ደግሞ «አንቺ ውሃም ታሳርሪያለሽ» የምትዪኝ አንቺው ነሽ። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ሲመረቅ፣ ምርቃቴን ከአፉ ቀምተሽ...

ተይው።

ዛሬ እናቱን ይዞ የሚመጣው ያንን ብስኩት ሊያስቀምሳቸው ነው። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ የሰው ብስኩት ጋግሬልሻለሁ፤ በቅቤ፣ በስኳር። እንዳይነቃብሽ ቅርጹን ያንኑ «ቢራቢሮ» አድርጌዋለሁ። ምድጃውን አጥፍቻለሁ፤ ብስኩቱን ሳይበርድ እንዳትነኪው፣ ይፈረካከሳል።

እናቱ «ማን ጋገረው?» ሲሉ ግን የኔን ስም ጥሪ። አለዚያ የትናንቱን ለማን እንደጋገርኩት ራሴ መጥቼ አጫውታቸዋለሁ።

ታናሽሽ